አባቴ ያልተረጎመው ምዕራፍ

ባለፈው አርብ ለቅሶ ልደርስ ወደ አርብ ገበያ ወርጄ ነበር። ከንፋስ መውጫ ተነስተን ከአክስቴ ልጅ ጋር በሚኒባስ ነው የወረድነው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን በገበያው ዳር ስናልፍ አንድ ወጣት ቀጥቃጭ የጋለ ማረሻ ከፍሙ አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። ውኃው ጮኸ፣ እንፋሎቱ ተነሳ፣ ሽታው መጣ። የጋለ ብረት ውኃ ሲነካ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ምንም አይመስለውም። እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ቀና ብሎ በፈገግታ «እንደምን ዋሉ እማማ፣ ማረሻ ነው ወይስ ማጭድ?» አለኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምን ቆመሽ ዓይኑን ታያለሽ? ነይ እንሂድ» አለችኝ። እኔም ሄድኩ። አርባ ዓመት ልጅ ሳስተምር የኖርኩ፣ የመምሬ አየነው ልጅ፣ እንደ ሕፃን በክንዴ ተጎትቼ ሄድኩ። ከለቅሶው ተመልሼ ቤቴ ስገባም ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ይህን ሽታ ያወቅሁት የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዘመኑን በቁጥር አልናገርም። መሬት ተደልድሎ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ፣ ቻይናዎቹ መንገዱን ሲቆርጡ ነው ካልኩ እኩዮቼ ይገባቸዋል። አባቴ ከንፋስ መውጫ በሁለት ብር ኮንጎ ጫማ ገዝቶልኝ ነበር። ፀሐይ ላይ እግር ያቃጥላል፣ ዝናብ ላይ ያንሸራትታል፣ እኔ ግን ያን ያህል የኮራሁበት ጫማ ከዚያ ወዲህ አላደረግሁም። የቤታችን ሴቶች አቡጀዲ ነበር የሚለብሱት። ቴትሮን የለበሰች ሴት ወደ ገበያ ስትወርድ ልጃገረዱ ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። አንድ ጣሳ ጨው በስንት እንደሚሸጥ፣ የፋሲካ በግ ከአሥር ብር ስንት እንዳለፈ፣ እነዚህን ዛሬም አስታውሳቸዋለሁ። በሴቶች ማኅበር ሰልፍ የምንዘምራቸው መዝሙሮች ነበሩ። ግጥማቸው ብዙም ሳይገባን ዜማቸውን ወደድነው፤ ውኃ ስንቀዳም፣ እንጨት ስንለቅምም እንላቸው ነበር። አባቴ አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር ቆሞ አዳምጦን «ቃሉስ ቃል አይደለም፤ ዜማዋ ግን ደኅና ናት» ብሎ አስቆናል። እሱ ዜማ ያውቃል። በቅርባችን ካለው ከቤተ ልሔም ደብር ገብቶ ብዙ ዓመት ድጓ የተማረ፣ ከዚያም መጻሕፍት የተማረ ሰው ነበር።

ደብራችን የማርያም ደብር ናት፤ ከአርብ ገበያ በላይ ባለ ጉብታ ላይ፣ በድንጋይ ቅጥርና በወይራ ዛፍ ተከባ የተቀመጠች። አባቴ እዚያ ይቀድሳል፣ ከቅዳሴ በኋላም ወንጌሉን በአማርኛ ይተረጉማል። ሕዝቡ ለትርጓሜው ሲል ከሩቅ ይመጣ ነበር። ስለ ጾም ሲናገር ባለጌውም ይጾማል። ሰንበትን ስለሻረ ሰው ሲናገር በሬውን የጠመደ ገበሬ ካለ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል። አንድ ነገር ግን ነበር፤ ያኔ እኔም አላስተዋልኩትም። በቅዳሴ መካከል ንፍቅ ዲያቆኑ የያዕቆብን መልእክት በግዕዝ ሲያነብ፣ ያ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ባለጠጋ ከፍ ባለ ቦታ፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ከእግር ሥር ስለሚያስቀምጡ ሰዎች የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ፣ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያስተምረው። ግዕዙን ሕዝቡ አይሰማም። ምዕራፉም በየዓመቱ እየተነበበ በየዓመቱ ያልፍ ነበር።

ከቅጥሩ በር ውጭ አንድ ሰው ቆሞ ያስቀድስ ነበር። ብሩ ይባላል፣ ቀጥቃጭ ነው። ክርስትና የተነሳ፣ ክር ያሰረ፣ ረቡዕና አርብ የሚጾም ሰው ነው። ግን ቡዳ ነው ተባለ፤ አባቱም አያቱም ተብለዋል። የወረዳው ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው ብሩ በሠራው ማረሻ ነው፣ የሚያጭደውም በእሱ ማጭድ ነው። ሰው ማረሻውን ሊቀበል ሲሄድ እህሉን ከደጁ አስቀምጦ፣ ማረሻውን ከመሬት አንስቶ ይመለሳል። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል የለም። ሚስቱ ጥሩወርቅ ሸክላ ትሠራ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ ይህንንም ሰው በክፉ ተረጎመው።

ከሁሉ ይበልጥ የምትፈራቸው እናቴ ነበረች። እናቴ ትሁኔ ክፉ ሴት አልነበረችም። ለማኝ ባዶ እጁን ከደጃችን ተመልሶ አያውቅም። ግን ከእኔ በታች አበራ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራት፤ በሦስት ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ብሩ በደጃችን ሲያልፍ ሕፃኑን አይቶ «ያድግልሽ፣ ቆንጆ ነው» ብሏት ነበር። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ዓይኑ በላው አለ። እናቴም አመነች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሩ ስም በቤታችን አልተነሳም።

ማኅበሩ መሬት ሲደለድል ለብሩም ደረሰው። ሊቀመንበሩ ካኪ ኮት የሚለብስ፣ ድምፁ ትልቅ የሆነ የአገራችን ልጅ ነው። በስብሰባ መካከል «ጓድ ብሩ፣ ወደዚህ ቅረብ!» ብሎ ጠርቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከእንግዲህ ማንንም በሥራው የሰደበ ይቀጣል ተባለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አባቴ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «እግዜርን አያውቁም የምንላቸው ሰዎች ወንበር ሰጡት» አለ። 

አንድ መስከረም ጥሩወርቅ ሸክላ ልትሸጥ ወደ በሽሎ ቆላ ወርዳ በወባ ተይዛ ተመለሰች፤ አልሰነበተችም። ብሩ በማለዳ መጣ። ከአጥራችን በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አባቴ ወጣ፤ እናቴ ከቤቱ መቃን ተደግፋ ቆመች፤ እኔም ከኋላዋ።

«መምሬ፣ ጥሩ አረፈች» አለ ብሩ።

«ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ዶሮ ሲጮህ። የሚቆፍርልኝ ሰው አጣሁ። እሱስ ግድ የለም፣ እኔው እቆፍራለሁ። የት እንደምቆፍር ይንገሩኝ ብዬ ነው።»

 እናቴ ከመቃኑ ሳትነቃነቅ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «መምሬ፣ አበራ የተኛው እዚያ ቅጥሩ ውስጥ ነው» አለች። ያች ንግግር እስካሁን በጆሮዬ አለች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። አባቴ ዞሮ አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

«ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራዎቹ ሥር ይሁን» አለ። «ፍትሐቱን እኔ መጥቼ አደርሳለሁ።»

«ውጭ?»

«ሕዝቡ ይበተንብኛል ብሩ። ለጊዜው ነው።»

«ሞት ለጊዜው ነው እንዴ መምሬ?» አለ ብሩ። መልስ አልጠበቀም። እጅ ነስቶ ሄደ።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ጥላውን፣ መስቀሉን፣ መጽሐፉን ይዞ ወጣ፤ ከወይራው ሥር ፍትሐቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሰ። ከጸሎቱ አንዲት ቃል አላጎደለም። ያጎደለው ቦታውን ብቻ ነው። ከአባቴና ከብሩ በቀር እዚያ የነበሩት ሊቀመንበሩና ሁለት ታጣቂዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በጸሎቱ ሰዓት ቆባቸውን አላወለቁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ተለወጠ። ምግብ ይሸሻል፣ ተማሪዎቹን ይረሳል። ጥቅምት አልቆ አጨዳው ሲጀመር ሰው ሁሉ ማሳ ውሎ ሲመለስ፣ እሱ ከቤታችን ጓሮ ቁርበት ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ከፍቶ እናገኘዋለን። ሁልጊዜ የያዕቆብ መልእክት ላይ፣ እዚያው ገጽ ላይ ነው። በግዕዝ ያነበዋል፣ በአማርኛ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ውኃ ሳቀብለው «ይህን ምዕራፍ መምህሬ ቤተ ልሔም ሳለሁ አስተማረኝ» አለኝ። «ከነትርጓሜው በቃሌ ነው የማውቀው። ሕግን ሁሉ ጠብቆ በአንዲቱ የተሰናከለ ሰው ሁሉን እንደ ጣሰ ይቆጠርበታል ይላል፤ እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው ያለው። እኔ ግን መጽሐፉን እንደ ቅርጫ ሥጋ መረጥኩት። የጣመኝን ወሰድኩ፣ አጥንቱን ተውኩ።»  ኩባያውን ተቀብዬ ገባሁ።

ከእናቴ ጋርም የተነጋገሩት በዚያው ሰሞን ነው። አውድማ ውለን እህል አግብተን፣ ሁላችንም ደክመን ተቀምጠን ነበር።

«ትሁኔ» አላት፣ «አበራን ብሩ አልበላውም። ኩፍኝ ነው የገደለው። ያን ዓመት ከእኛ ጀምሮ እስከ እስቴ ድረስ ስንቱን ሕፃን ኩፍኝ ወሰደው።»

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት አስቀመጠች። «ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የምትጠይው ሰው ስታገኚ እንባሽ ቀነሰ። ስለዚህ ተውኩሽ።»

 እናቴ ተነስታ ወጣች፤ ለብዙ ቀን ከ«እንካ»ና ከ«ብላ» በቀር አላናገረችውም። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ያን ሰሞን አንተ አለችው። ዛሬ ሳስበው እሷ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ተበድላለች። ጥላቻዋን ያጠጣናት እኛው ነን፤ ጎረቤቱ በወሬው፣ አባቴ በዝምታው።

አስተርእዮ ማርያም ደረሰች። የደብራችን ንግሥ ናት። ጥር ስለሆነ ጎተራው ሁሉ ሞልቷል፣ ሰዉ አዲስ ነጠላ ለብሷል። ሊቀመንበሩም ሕዝቡ አንድ ላይ የሚገኝበት ቀን ስለሆነ ስብሰባውን ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሊያደርግ መጥቶ ከቅጥሩ በር ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ይጠብቃል። ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ አባቴ ደረጃው ላይ ወጣ። የያዕቆብን መልእክት ከፈተ፣ ያን ምዕራፍ በግዕዝ አነበበ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በአማርኛ ተረጎመ። ድኻውን ከእግር ሥር ካስቀመጡት ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። 

«ስማኝ ሕዝቤ» አለ። «ጾሙን ያዘዘን ይህንንም አዟል። ሰንበትን አክብሩ ያለን፣ ሰውን አትናቁ ብሏል። እኔ ግማሹን ሳስተምራችሁ ኖሬ ግማሹን ደበቅሁባችሁ። ደንቁሬ አይደለም፤ አውቀዋለሁ። እናንተን ፈርቼ ነው። አንዲትን ክርስቲያን ከቅጥር ውጭ አስቀብሬያለሁ። ጌታ የሚጠይቀኝ እኔን ነው፤ ከእንግዲህ ግን እናንተንም ይጠይቃል፤ ሰምታችኋልና።»

 አባቴ ከደረጃው ወርዶ በሕዝቡ መካከል አልፎ ወደ ቅጥሩ በር ሄደ። ሰዉ እየተከፈተ አሳለፈው። ብሩ እንደ ወትሮው ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። አባቴ እጁን ይዞ «ግባ» አለው።

ብሩ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ይተዉኝ መምሬ» አለ። «ዛሬ ሰው ፊት ነን። የእውነትዎን ከሆነ ከቤትዎ ይጥሩኝ፤ እመጣለሁ።»

አባቴ ይህን ሰምቶ ገና በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ሊቀመንበሩ ከዋርካው ሥር ተነስቶ አጨበጨበ። ታጣቂዎቹም አጨበጨቡ። «አያችሁ? ቄሱ እንኳ ነቁ!» አለ። «አብዮታችን ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው!» አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ «እኔ ሰንበትን ይዤ ሰውን ጣልኩ፤ አንተ ደግሞ ሰውን ይዘህ ሰንበትን ጣልክ። ሁለታችንም መጽሐፉን ሸርፈነዋል፤ አታጨብጭብልኝ» አለው። ይህን ግን የሰማው በቅርቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ጭብጨባውን የሰማው ግን ሕዝቡ ሁሉ ነው።

ያ ጭብጨባ ጎዳን። መምሬ አየነው ካድሬ ሆነ ተባለ። ንስሐ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ደብር ሄዱ። እሑድ እሑድ ለትርጓሜው ከሩቅ የሚመጣው ሰው ቀረ። እኔም ውኃ ስቀዳ ጓደኞቼ መዝሙር አቋርጠው ዝም ይሉብኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ በበኩሉ አባቴ ስላለው ነገር ቂም ይዞ፣ በየእሑዱ ቅዳሴ ሰዓት ስብሰባ ይጠራ ነበር። አባቴ ከሁለት ወገን ተገፋ። አንድም ቀን ግን «ባልተናገርኩ» ሲል አልሰማሁትም። የሚለው «በመስከረም ነበር መናገር» ነው። ይህን እያለ ነው የሸመገለው።

አባቴ ብሩን ከንግሡ በኋላ ለመጣው እሑድ ምሳ ጠራው። እናቴ ቅዳሜ ዶሮ አሳርዳ ወጡን ሠራች፣ ቀድማ የጠነሰሰችውን ጠላ አጣራች፣ ቤቱን ጠረገች። እሑድ ማለዳ ነጠላዋን ለበሰች። «ወጡ ከምድጃው ላይ ነው» አለችው አባቴን። «እንግዳ ጦሙን አይሄድም፤ እኔ ግን አላቀርብም። ገና አልቻልኩም።» ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እኔን አብሬያት እንድሄድ አልጠራችኝም፤ እንድቀርም አላለችኝም። ቀረሁ።

ብሩ ታጥቦ፣ ንጹሕ ቡልኮ ለብሶ መጣ። ከአጥሩ በር ላይ ቆመ። አባቴ ወጥቶ «ግባ» አለው። ገባ። በደጃችን የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። አባቴ ማስታጠቢያውን አንስቶ ውኃ ሲያፈስለት እኔ ሮጬ ልቀበለው ብል «ተይው» አለኝ። ቄስ እንዲያ እንግዳ ሲያስታጥብ አይቼ አላውቅም ነበር። ብሩ እጁን ዘረጋ። በእሳትና በመዶሻ የጠቆረ፣ ጥፍሮቹ የተሰነጣጠቁ እጅ ነው፤ ውኃው ሲነካው ያ የጋለ ብረት ሽታ መጣ። ሦስታችንም ከአንድ ማዕድ ቀረብን። አባቴ ባርኮ ቆረሰ፤ ብሩ ግን ቶሎ አልበላም።

«ብሩ» አለው አባቴ፣ «ይቅር በለኝ።»

ብሩ ወደ ማዕዱ አየ። «መምሬ፣ እበላለሁ» አለ። «ጠርተውኛልና እበላለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ ግን አልልም። ዛሬ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጥሩ ውጭ ናት።»

«እውነትህን ነው» አለ አባቴ። «ብላ።»

በሉ፣ እኔም በላሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ ዋጋ፣ አርብ ገበያ ላይ ስለጠፋው ብረት አወሩ። ጠላውን በኩባያ ቀዳሁላቸው። ብሩ ከመሄዱ በፊት መስቀል ተሳለመ፣ ከአጥሩ በርም ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ አባቴም ወደ እሱ ቤት ሄዷል። ይቅርታውን ግን አባቴ ሲሰማ አላየሁም። ብሩ ትቶን ወደ ስማዳ ሲሄድም አልተናገረውም። አባቴም ዳግመኛ አልጠየቀውም፤ ተገቢው ቅጣቴ ነው ብሎ ተቀብሎት ኖረ። አረጋውያን ካህናት ሊጠይቁት ሲመጡና ስለ መጻሕፍት ሲወያዩ፣ «ሙሉውን ለመታዘዝ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ያጎደለው ሁሉ ይመለስልኛል ብሎ አይጀምር» ይላቸው ነበር። እኔም ባለፈው አርብ በክንዴ ስጎተት ይህን እያሰብኩ ነበር የሄድኩት፤ እያሰብኩም አልቆምኩም።

ያን እሑድ ግን ብሩ ከሄደ በኋላ አባቴ ተነሳ። የቤታችን ኩባያዎች ከንፋስ መውጫ የተገዙ፣ ነጭ፣ አፋቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። በዚያን ዘመን ቀጥቃጭ የጠጣበትን ዕቃ ሰው ይጥላል፣ ወይም ለውሻ ይሰጣል። አባቴ ውኃ አሙቆ፣ አመድ አድርጎ፣ ያልተጠጣባቸውን ሳይቀር ሁሉንም ኩባያዎች አንድ በአንድ አጠባቸው፤ መደቡ ላይም ደፋቸው። እኔ ቆሜ አየሁት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እናቴ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ የተደፉትን ኩባያዎች አየቻቸው።

«የጠጣው በየትኛው ነው?» አለች።

«አላውቅም ትሁኔ» አለ አባቴ። «ሁሉንም አጥቤያቸዋለሁ።»

እናቴ ቆመች። ከእህቷ ቤት አቀበቱን በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው፤ ከንፈሯ ደርቋል። አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ኩባያዎቹን አየች። ከዚያ እጇን ሰደደች፤ አንዱን ነክታ ተወችው፣ ሌላውን ነክታ ተወችው። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አነሳች፣ ከእንስራው ውኃ ቀዳች፣ ጠጣች።